ያውቁ ኖሯል? ድክ ድክ የሚል ልጅ ይዞ ከቱላ ለሽርሽር ሲወጣ

ያውቁ ኖሯል? አብዛኞቻችን ከልጅነታችን የምናስታውሰው የመጀመሪያው ትዝታ 3 ዓመት ከሞላን በኋላ የሆነ ነገር ነው። የ2 ዓመት ልጅዎ የዘንድሮውን ሽርሽር ሲያድግ አያስታውሰውም ማለት ነው። ይህ ግን ልጁን ቤት ለማስቀመጥ ምክንያት አይሆንም። ዕለቱን በዓይኑ፣ በእጁና በእግሩ ይማርበታል፤ እናትና አባትም ዕድሜ ልክ ያስታውሱታል። ለእሱ ትርጉም የሌላቸው የከፈሉት ገንዘብና የተጓዙት ርቀት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለዚህ ዕድሜ ቅርብ የሆነ፣ አጭር የሆነና ተደጋግሞ የሚኬድበት ቦታ ይሻላል እላለሁ። የቱላ ወላጅ ደግሞ ለዚህ የታደለ ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ ከደጁ ነው።

መደጋገም ሲባል ለልጅ አሰልቺ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በ3 ዓመት ሕፃናት ላይ ያየው ግን ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ተረት ደጋግመው የሰሙት ልጆች፣ በየጊዜው አዲስ ተረት ከተነበበላቸው ይልቅ አዳዲስ ቃላትን በተሻለ ሁኔታ ይዘው ተገኝተዋል። ያንኑ የሐይቅ ዳር ለ5ኛ ጊዜ ሲያዩት ልጅዎ «ዓሣ!» ብሎ ቢጮህ አይገረሙ።

የመጫወቻ ቦታ ነገር ከተነሣ፣ በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ክፍት ሆነው ካሉት ሁሉ አንጋፋው በዴንማርክ፣ ከኮፐንሃገን ወጣ ብሎ የሚገኘው ባከን ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1583 ነው። ያኔ በእኛ አገር ዙፋኑ ላይ የነበሩት አፄ ሠርፀ ድንግል ሲሆኑ የጎንደር ፋሲል ግንብ ገና አልተሠራም ነበር።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች «ልጁን ይዛችሁ ኑና ዲዝኒላንድ እንውሰደው» ይላሉ። ካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድ በሩን የከፈተው ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. ሲሆን ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመግቢያ አይከፍልም። በአውሮፕላን ግን ዕድሜው የሚቆጠረው በጉዞው ቀን ነው። 2 ዓመት ከሞላው እቅፍ ላይ መሄድ አይችልም፤ የራሱ ወንበር ይገዛለታል።

ቁመትንስ አስበውበታል? በዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መለኪያ መሠረት የ2 ዓመት ልጅ አማካይ ቁመት 87 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በትልልቆቹ መናፈሻዎች ከሚያስጮኹት መጫወቻዎች ብዙዎቹ 102 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ብቻ ያሳፍራሉ። ለትንሹ የሚቀርለት ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴና ቀስ ብለው የሚዞሩ የእንጨት ፈረሶች ናቸው። ዥዋዥዌና ሸርተቴ ደግሞ ሐዋሳም አለ።

በእነዚሁ መናፈሻዎች የአሻንጉሊት ጭንብል ለብሶ ሰላም የሚል ሰው ብዙ ሕፃናትን ያስፈራል። ፎቶ እንዲነሳ ብለው አይግፉት፤ ከሩቅ እጁን ቢያወዛውዝ ይበቃዋል።

ለጉዞ ዕቅድ ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት የልጁ እንቅልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት ይላል። ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ዳር የሚያለቅስ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጠግቦ ያልተኛ ልጅ ነው። ስለዚህ ከቱላ በጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ለምሳ ቤት መመለስ ነው የሚያዋጣው። በመመለሻው መንገድ ላይ እንቅልፍ ከወሰደው ይውሰደው።

ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መኪና እምብዛም አያጥወለውላቸውም። ችግሩ የሚብሰው ከዚያ በኋላ፣ እስከ 12 ዓመት ድረስ ነው። እንግዲህ ከቱላ ሲነሡ ፌስታል የሚያስፈልገው ለትልቅየው ልጅ ነው።

ባጃጅ ውስጥ የልጅ ቀበቶ የለም፤ ጎኑም ክፍት ነው። ልጁን መሃል አድርገው፣ በሁለት ትልልቅ ሰዎች መካከል ይያዙት። የልጅ ጋሪ ለመግዛት የሚያስቡ ካሉ፣ በኮብልስቶንና በሐይቅ ዳር አሸዋ ላይ መግፋቱ ልፋት ነው። አንቀልባ ይህን ሁሉ ያልፋል፤ ልጁንም ከሰው ግርግር በላይ ከፍ አድርጎ ያሳየዋል።

የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ በሆነው አሞራ ገደል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለዚህ ዕድሜ ከእሱ የተሻለ ትርዒት ያለበት ቦታ አላውቅምና። ጠዋት ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ቆሮሶውና አምባዛው ይራገፋል፣ ይታጠባል፣ ይገፈፋል። አባ ኮዳዎች ደግሞ ተራቸውን እንደሚጠብቁ ሰዎች ዙሪያውን ቆመዋል። አባ ኮዳ ሲቆም እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፤ ልጅዎ ቀና ብሎ ነው የሚያየው። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ ጫፍ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። እግሩ ኖራ የተቀባ የመሰለው በራሱ ኩስ ነው፤ ሙቀቱን ለማብረድ እግሩ ላይ ይጥልበታል። ይህን ለሕፃን ቢነግሩት ከየትኛውም ተረት በላይ ይስቅበታል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ልጁ በእጁ ቁራጭ ዓሣ ይዞ አይቁም። አባ ኮዳው የሚያየው ዓሣውን ነው፤ ምንቃሩ ግን ትልቅና ከባድ ነው።

እዚያው ዛፎቹ ላይ ያለችው ጉሬዛ ስትወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ናት። ጥቁርና ነጭ የምትሆነው ወራት እየቆዩ ነው። የእጅ አውራ ጣትም የላትም ማለት ይቻላል፤ ያለው ጉጥ ነገር ብቻ ነው። ልጅዎ ጣት መቁጠር ከጀመረ «እሷ ስንት አላት?» ብለው ይጠይቁት። ጉሬዛ ዋና ምግቧ ቅጠል ስለሆነ ሙዝ አይስጧት። ጦጣ ግን ሳይሰጡት ይወስዳል፤ ብስኩቱን ከልጁ እጅ ሲነጥቅ ሊቧጭረው ስለሚችል መክሰሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አይሂዱ።

ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል። በየብስ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ ይችላል። ሲመሻሽ ከቄጠማው አጠገብ ልጅ ይዞ መቆም በፍጹም አይገባም።

ጀልባ ከመሳፈርዎ በፊት «ለዚህ ልጅ የሚሆን ሕይወት አድን ጃኬት አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የትልቅ ሰው ጃኬት ለሕፃን አይሆንም፤ ውሃ ውስጥ ከላዩ ሾልኮ ይወጣል። ልኩ ከሌለ ጀልባው ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የሐይቁ ጥልቀት እስከ 22 ሜትር ይደርሳል።

ሕፃን ሲሰጥም ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፣ አይንቦጫረቅም። 5 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ውሃም ይበቃዋል። በዓለም ዙሪያ በውሃ መስጠም ከፍተኛው የሞት መጠን የሚታየው ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው በግልጽ ይመደብ። «አሁን የምጠብቀው እኔ ነኝ» ይበል፤ ስልኩንም ኪሱ ያድርግ። ሁሉም ይጠብቃል የተባለ ልጅ ማንም ሳያየው ውሃ ዳር ይደርሳል።

ልጁን ከሐይቁ ውሃ ለማራቅ ሌላም ምክንያት አለ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዝያ መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል። ትሏ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጋ ትወጣና ቆዳን በስታ ትገባለች፤ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ እግር መንከር ብቻ ይበቃል። ልጁ መንቦጫረቅ ካማረው በክሎሪን የታከመ መዋኛ ይፈልጉለት፤ አለበለዚያም ከቤት የቧንቧ ውሃ በጀሪካን ይዘው በሳፋ ይሙሉለት። ለ2 ዓመት ልጅ ሳፋው ራሱ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ከነበረና ቆይቶ ሆዱን ካመመው፣ ለጤና ባለሙያው ይህንኑ መንገር አይርሱ።

የሐዋሳ ሐይቅ በገጽ የሚታይ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዳር ላይ የተጣለ ዳይፐር የትም አይሄድም ማለት ነው። በፌስታል ቋጥረው ይዘው ይመለሱ። ፖፖ ይዘው ቢወጡ ደግሞ ለልጁም ለእርስዎም ዕረፍት ነው።

ስንቅን በተመለከተ የሲዳማ ምድር ለሕፃን የተመቸ ነው። በማንኪያ የሚፈቀፈቅ የበሰለ አቮካዶና ሙዝ ከየትኛውም የታሸገ ብስኩት ይሻላል። የተጠበሰ ዓሣ ሲሆን ሥጋውን በጣትዎ እየዳበሱ፣ እሾሁን ለቅመው ያጉርሱት። በአሞራ ገደል በዳጣ እየተጠቀሰ የሚበላው ጥሬ ዓሣ ግን የትልቅ ሰው ምርጫ ነው፤ ለሕፃን አይሰጥም።

ቆሎና ኦቾሎኒስ? ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። መንጋጋው በደንብ ስለማይፈጭለት ፍሬው ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል። መንገድ ላይ ደግሞ መኪናው ሲነጥር አደጋው ይብሳል። ጎረቤት የተቀመጠ ተሳፋሪ በደግነት እፍኝ ቆሎ ሲዘረጋለት «እግዜር ይስጥልኝ፣ ገና ነው» ማለት ነውር የለውም።

ልጁን ቢያስቀምጠው የሚሰጥ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ ከቦርሳ አይጥፋ። የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ በዝቶ ልጁን ይጎዳዋል። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ወባ አለ። አስተላላፊዋ ትንኝ የምትናከሰው ከመሸ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ካለዎት አጎበር ያዘጋጁለት። ባርኔጣም አይረሳ፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደመናማ ቀንም ቢሆን አይምርም።

ወደ አዲስ አበባ መውጣት ካማረዎት ርቀቱ 275 ኪሎ ሜትር ነው። በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ አናብስት አሉት፤ ለልጅ ዓይን ከሙዚየሙ ክፍል ይልቅ እነሱ ይበልጣሉ። በቀጣዩ ዓመት የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሐዋሳ ካናቴራ ለብሶ የወጣ ልጅ እዚያ ሲደርስ 8 ዲግሪ ያህል ይቀንስበታል። ጋቢ ያስፈልገዋል። ሰፊ የውሃ መጫወቻ ያለው የቢሾፍቱው ኩሪፍቱም ከሐዋሳ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንዳቸውንም አልቃወምም፤ ግን ማደሪያ ሳይዙ ደርሶ መልስ ከ2 ዓመት ልጅ ጋር አይሞከርም። ልጁ 4 ወይም 5 ዓመት ሲሆነው ቦታዎቹ የትም አይሄዱም፤ ያኔ ደግሞ ያስታውሳቸዋል።

ለትንሽ ልጅ ከሁሉ የሚበልጠው በዓል ግን ከቱላ ሳይወጡ ይመጣል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው ፊቼ ጫምባላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። መነሻው እንዲህ ይነገራል፤ ያገባች አንዲት ሴት በዓመት አንዴ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ከቆጮ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ጎረቤትም አብሮ ይቋደስ ነበር። ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ አያንቶ የሚባሉት ባህላዊ ኮከብ ቆጣሪዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው ይወስናሉ፣ ለጎሳዎቹም ይነገራል። ስለዚህ ከሩቅ ለሚመጣ ዘመድ ቀኑ እንደታወቀ መደወል ነው፤ ሐዋሳ ላይ ጉዱማሌ አደባባይ ሕዝቡ ሲሞላ አልጋ አይገኝም።

ከድክ ድክ ባይ ጋር ግን ጉዱማሌ ለአመሻሹ ሰዓት፣ ያውም ጫንቃ ላይ አድርጎ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጎረቤቱን ሰላም ይላሉ፤ የገቡበት ቤት ሁሉ ቡርሳሜ ያቀርብላቸዋል። ርቀቱ በእግር ነው፣ መግቢያ አይከፈልም፣ የቁመት መለኪያም የለም። ታላላቆቹ ትንሹን እጁን ይዘው ይሂዱ፤ ከሦስትና አራት ቤት በኋላ ከደከመው ወደ ቤት ይመለስ። ቡርሳሜው ትኩስ ከሆነ ከጠርዙ ቆንጥረው፣ አቀዝቅዘው ያጉርሱት።