ሰብር ማለት ዝምታ አይደለም፦ በኩላሊት እጥበት ላይ ላሉ ወገኖቻችንና ለቤተሰቦቻቸው

የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ማሽኑና ወጪው ነው። ሁለቱም በእርግጥ ከባድ ናቸው። ነገር ግን ታማሚው ከማሽኑ ተነስቶ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ውስጡ ምን እንደሚሰማው የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። እርሱም ብዙ ጊዜ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ያልፋል። አላህን ማመስገኑ ትልቅ ኢባዳ ነው፤ ሕመሙን መደበቁ ግን የሰብር መስፈርት አይደለም።

እጥበቱ በተለመደው አሠራር በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱም 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ለእጥበት አዲስ አበባ የሚመላለስ የወልቂጤ ሰው አቅሙ በሳምንት 2 ጊዜ ብቻ ቢፈቅድለት እንኳ በሳምንት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ካልሆነም ሱቁን ዘግቶ፣ ልጆቹን ትቶ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይጠጋል። ትናንት ቤተሰብ ያስተዳድር የነበረ አባወራ ዛሬ የሰው እጅ ጠባቂ ሲሆን «ሸክም ሆንኩባቸው» የሚለው ሐሳብ ከሕመሙ በላይ ይከብደዋል።

ድካም ወይስ ድባቴ?

እ.ኤ.አ. በ2013 ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ የምርምር ሥራ በእጥበት ላይ ካሉ ሰዎች መካከል በባለሙያ ቃለ መጠይቅ ሲመረመሩ 23 በመቶ ያህሉ ድባቴ እንዳለባቸው አሳይቷል። ታማሚዎቹ ራሳቸው በሚሞሉት መጠይቅ ሲለካ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 39 በመቶ ይጠጋል። ከ5 ሰዎች ቢያንስ አንዱ ማለት ነው።

ችግሩ የድባቴ ምልክቶች ከኩላሊቱ ሕመም ምልክቶች ጋር መመሳሰላቸው ነው። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍ መዛባት በሁለቱም ላይ ይታያሉ። ስለዚህ ቤተሰብ ልብ ሊለው የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ታማሚው ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ያዝናል? ድሮ የሚወደው ነገር፣ ልጆቹ እንኳ፣ ደስታ አይሰጡትም? ከሰው ይሸሻል? የእጥበት ቀኑን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ጀምሯል? ከነዚህ አንዱ ካለ ጉዳዩን ለባለሙያ ማንሳት ያስፈልጋል።

«ይብቃኝ፣ ልረፍ» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ደግሞ «አስተግፊሩላህ በል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ተቀምጦ ማዳመጥ፣ ብቻውን አለመተው፣ በዚያው ቀን ለሐኪም መንገር ግድ ነው። ሞትን መመኘት በዲናችን የተከለከለ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህ ግን ያ ሰው እርዳታ የሚያስፈልገው መሆኑን አያስቀረውም።

ያዘነ ሰው ኢማኑ ጎድሏል?

አንዳንድ ሰው ድባቴን የኢማን መድከም ብቻ አድርጎ ያየዋል። ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ግን በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን አልቅሰው ዓይናቸው እስኪጠፋ መድረሱን ቁርኣን በሱረቱ ዩሱፍ ይነግረናል። ሰብራቸው መልካም ሰብር ነበር፤ ሐዘናቸውም እውነተኛ ነበር። ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ) የደረሰባቸውን ጉዳት ለጌታቸው ተናግረዋል፤ ታጋሽነታቸውም ተመስክሮላቸዋል። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃንና (ረ.ዐ) አጎታቸውን አቡ ጧሊብን ያጡበት ዓመት በሲራ መጻሕፍት «የሐዘን ዓመት» ተብሎ ይታወቃል። እርሳቸውም ሕክምና እንድንፈልግ አዘውናል። ታዲያ ለኩላሊቱ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ለልቡ ጭንቀት ቢሄድ አላህን አማረረ አይባልም። ዱዓው፣ ዚክሩና ቁርኣኑ ከሕክምናው ጋር አብረው ይሄዳሉ።

በኢባዳ ላይ የሚመጣ ጭንቀት

ብዙ ታማሚዎችን የሚያስጨንቀው «ሶላቴ፣ ጾሜ ምን ሊሆን ነው?» የሚለው ነው። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ በምልክት ይሰግዳል። የደም መፍሰስን በተመለከተ በሻፊዒይ መዝሀብ ከሁለቱ መንገዶች ውጪ የሚወጣ ደም ዉዱእን አያፈርስም፤ በሐነፊይ መዝሀብ የሚፈስ ደም ያፈርሳል። በሕመም ምክንያት ሁለት ሶላቶችን ማጣመርም ዑለሞች የተለያዩበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ የእጥበቱን ሰዓት ይዞ አንድ የሚታመን ዓሊምን መጠየቅና መልሱን ይዞ መረጋጋት ይሻላል።

ጾምን በተመለከተ ታማሚ የተፈቀደለት መሆኑ በሱረቱል በቀራ ግልጽ ነው። መዳኑ ተስፋ የማይደረግ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን ፊድያ ይሰጣል። በረመዷን ሐኪም ከልክሎት የሚበላ ሰው በአላህ ፈቃድ ውስጥ ነውና ሊሸማቀቅ አይገባም፤ እኛም በጥያቄ ልናሸማቅቀው አይገባም።

ራስን መጠበቅ ከአማና ነው

ሰውነታችን አማና ነው። ኩላሊት ሥራ ሲያቆም ውኃ፣ ጨውና ፖታሲየም በሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ። ፖታሲየም ከመጠን ሲያልፍ የልብን ምት ሊያቆም ይችላል። ለበሽተኛ ጥየቃ የምንወስዳቸው ተምር፣ ሙዝና ብርቱካን በፖታሲየም የበለጸጉ ናቸው። የዘምዘም ውኃም በረካ ያለው ቢሆን በቀን ከተፈቀደለት ፈሳሽ ላይ ይቆጠራል። ለዓረፋ ዘመድ አዝማድ ሲሰባሰብ «ትንሽ ብቻ ቅመስ» እያሉ ጨው የበዛበትን ክትፎ መጋበዝ ፍቅር ይመስላል፤ ታማሚውን ግን ከሰው ፊት «አልችልም» እያለ እንዲሳቀቅ ያደርገዋል። ጨው የሌለው ድርሻ አስቀድሞ ማዘጋጀት የተሻለ ፍቅር ነው።

ጥማትን ለመቀነስ ትልቁ መላ ጨውን መቀነስ ነው። በትንሽ ስኒ መጠጣት፣ አፍን መጉመጥመጥና ሲዋክ መጠቀምም ያግዛሉ። ፊስቱላ ባለበት ክንድ ላይ የደም ግፊት አይለካም፣ ከባድ ነገር አይሸከሙበትም፤ በዉዱእ ማጠቡ ግን ችግር የለውም። በአንገት ወይም በደረት የገባ ቱቦ ያለው ሰው ግን ቦታው ውኃ እንዳይነካው ይጠንቀቅ፤ ስለ ትጥበቱም ዓሊም ይጠይቅ።

እርዳታው ቅርብ ነው

ለማሽኑ አዲስ አበባ መሄድ ቢያስፈልግም ለአእምሮ ጤና መነሻው በአካባቢው ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። በዚህ ረገድ የጉራጌ አካባቢ ለአገሪቱ አርአያ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 በቡታጅራ የገጠር ጤና የምርምር ፕሮግራም ጀመረ። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ በዚያው አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመምን የሚለይ ጥናት ተካሄደ። ከ2011 በኋላም በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሠልጥነው ድባቴን ጨምሮ የአእምሮ ሕመሞችን እንዲያክሙ የተደረገበት ፕሮጀክት ነበር።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ መድኃኒቶች የሚወጡት በኩላሊት ስለሆነ የድባቴ መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ታማሚው በእጥበት ላይ መሆኑን ማወቅ አለበት። የባህል መድኃኒትም ቢሆን ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይወሰድ።

የጀመዓው ድርሻ

መስጂዳችን ገንዘብ ማሰባሰቡ መልካም ነው፤ የተቸገረ ታማሚ ዘካም ይገባዋል። ነገር ግን ቱቦ የተሰካበትን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በቴሌግራም መልቀቅ ክብሩን ይነካል። ፈቃዱን እንጠይቅ፤ ያለ ፎቶም መርዳት ይቻላል። ወጣቶች ተራ ይዘው በእጥበት ቀን አብረውት ቢጓዙ፣ ለዚያራም እጥበቱ ካደከመው ምሽት ይልቅ በማግስቱ ቢሄዱ ሸክሙ ይቀልለታል። ቤት ውስጥ የምታስታምመውን ሚስት ወይም ልጅም «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብለን እንጠይቅ፤ አስታማሚም ይደክማል።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙሞቻችንን ያሽርልን፣ ለአስታማሚዎቻቸውም ብርታቱን ይስጣቸው። አሚን።