የጋሪ አህያና ፈረስ የእግር ቁስል፤ መከላከያውና ሕክምናው

በሐርጌሳ ከተማ የቧንቧ ውሃ ያልደረሰው ቤት ብዙ ነው። ለነዚህ ቤቶች ውሃ ከሚያደርሱት አንዱ አህያ የሚጎትተው ባለ በርሜል ጋሪ ነው። አህያው ባነከሰ ቀን ባለ ጋሪው የዕለት ገቢውን ያጣል፤ የደንበኞቹም በርሜል ባዶውን ያድራል። እንስሳውን ከሥራ ከሚያስቀሩት ሕመሞች አንዱ፣ በጊዜው ቢያዝ በቀላሉ የሚድን ሆኖ ሳለ በቸልታ የሚከፋው፣ ከሰኮናው በላይ በኋላ በኩል ባለው እጥፋት የሚወጣው ቁስል ነው። እንግሊዞች ይህን ሕመም «የጭቃ ትኩሳት» ይሉታል፤ ስያሜው ግን አሳሳች ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት የለውም፤ ጭቃም ብቻውን አያመጣውም።

ዋናው ምክንያት ሳይደርቅ የሚቆይ እርጥበት ነው። ቆዳ ለብዙ ሰዓት ሲርስ ይለሰልሳል፤ ጠጠርና የጋሪ ገመድ ሲፈትገውም ይላጣል። በዚህ ጊዜ ዴርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስ የተባለ ጀርም በስንጥቁ ይገባል። ጀርሙ በ1915 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በቤልጅግ ኮንጎ በከብት ላይ የታወቀ ሲሆን፣ በደረቅ ቅርፊት ውስጥ ለወራት ተደብቆ ይኖራል፤ ውሃ ሲያገኝ ይነቃል። ሌሎች ጀርሞችም ይከተሉታል። አህያ ደግሞ ከጥንት የደረቅ አገር እንስሳ ነው፤ ጠጉሩ እንደ ፈረስ ጠጉር ዝናብን አይከለክልም። ከፈረስም ቢሆን እግሩ ነጭ የሆነው ቶሎ ይታመማል።

ሐርጌሳ ዝናብ የማይበዛበት ከተማ በመሆኑ ሕመሙ በ«ጉ» እና በ«ካራን» ወራት ብቻ የሚመጣ ይመስላል። ነገር ግን በበጋም ቢሆን አህያው በመቅጃው ቦታ ተራ ሲጠብቅ በፈሰሰ ውሃ ውስጥ ይቆማል፤ ከበርሜሉ የሚንጠባጠበውም የኋላ እግሩን ያረጥበዋል። በደረቅ አገር የሚኖር እንስሳ እግሩ እንደ ረግረግ እንስሳ ቀኑን ሙሉ ርሶ ይውላል ማለት ነው።

ምልክቱን በዓይን ከማየት በእጅ መዳሰስ ይሻላል። ከጠጉሩ ሥር ትናንሽ ጠጣር ቅርፊቶች ይገኛሉ፤ ሲነሡ ጠጉሩን እንደ ብሩሽ ይዘው ይወጣሉ፤ ከሥራቸው ቀይ ቆዳና ወፍራም መግል ይታያል። ኋላ እግሩ ያብጣል፤ እንስሳውም ያነክሳል።

ትጉህ የሆነ ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ነው፦ ማታ ማታ እግሩን በብዙ ውሃ አጥቦ እንደ ረጠበ ያሳድረዋል። ይህ በሽታውን መመገብ ነው። ጭቃው እንዲደርቅ ትቶ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይሻላል፤ ማጠብ ግድ ከሆነ እግሩን በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ ማበስ ያሻል። ቅባት የሚጠቅመው በጤነኛና በደረቅ ቆዳ ላይ ከሥራ በፊት ሲቀባ ነው፤ በቁስል ላይ ከተቀባ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል። ያገለገለ የመኪና ዘይት መቀባትና በጋለ ብረት መተኮስ ግን ቆዳውን ያቃጥላሉ እንጂ አያድኑም።

ቁስሉ ከወጣ እንስሳው ከሥራ አርፎ በደረቅ ቦታ ይቁም። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ጠጉር ይቆረጥ። ቅርፊቱ በለብታ ውሃ ከለሰለሰ በኋላ በቀስታ ይነሣ፤ እንቢ ያለውን በግድ አለመንቀል፣ ለማግስቱ መተው ነው። ከዚያ በኋላ በውሃ በቀጠነ ክሎርሄክሲዲን ወይም ፖቪዶን አዮዲን ታጥቦ አሥር ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ይለቅለቅና ፈጽሞ ይድረቅ። መድኃኒቱ ከታጣ በግማሽ ሊትር ፈልቶ በበረደ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ ማጠብ ይቻላል። የተነሣው ቅርፊት ጀርም ስላለበት ይቃጠል እንጂ መሬት ላይ አይጣል። ሕመሙ ወደ ሰው ሊተላለፍ ስለሚችል የሚያክመው ሰው ጓንት ያድርግ፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ።

እብጠቱ ወደ ጉልበት ከወጣ፣ እንስሳው መብላት ከተወ ወይም በሳምንት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ወደ ከብት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል፤ ፔኒሲሊን የሚሰጠው በሐኪሙ ትእዛዝ ነው። በተለይ በእግሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው የሚወጡና የሚፈነዱ እብጠቶች ከታዩ ሕመሙ ሌላ ነው። ይህ በኢትዮጵያ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን በብዛት የሚያጠቃው ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ እንስሳው ወዲያው ከሌሎቹ ይለይ።

ባለ ጋሪው ሁሉን ቢያደርግ እንኳ መቅጃው ጭቃ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ጋሪዎች በሚቆሙበት ስፍራ ጠጠር ማፍሰስ፣ ለፈሰሰው ውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈርና የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ማስጠገን የውሃውን ቦታ የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ሥራ ነው፤ ወጪውም የጥቂት መኪና ጠጠርና የጥቂት ቀን የቁፋሮ ደመወዝ ነው።