ክርስትና አንሺ፣ የነፍስ አባት፣ የኔታ፦ መንፈሳዊ ወላጅነት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመን ከሥጋ ወላጆቹ ሌላ በእምነት የሚያሳድጉት ወላጆች አሉት። ክርስትና ያነሳው፣ ንስሐውን የሚቀበለው ካህን፣ ቤተ ክህነት የተማረ እንደሆነም መምህሩ ልጄ ይሉታል። ለእያንዳንዳቸው የተሰጠ አደራ አለ።

የመጀመሪያው አደራ የሚመጣው በጥምቀት ነው። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ለወንዱ ወንድ፣ ለሴቷ ሴት ክርስትና ያነሳሉ። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል ክርስትና አንሺው በእሱ ፈንታ ሰይጣንን ይክዳል፣ ሃይማኖቱን ይመሰክራል። ልጁ ነፍስ ሲያውቅ ያንን ምስክርነት ማስተማር ደግሞ የእሱ ድርሻ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ከዚያን ቀን ጀምሮ አበልጅ ይሆናሉ። ዝምድናው እንደ ሥጋ ዝምድና ስለሚቆጠር በክርስትና ልጅና በክርስትና አባት ልጆች መካከል ጋብቻ አይፈጸምም።

ሁለተኛው የነፍስ አባት ነው። እንደ አዘና ባለው የአዊ ገጠር፣ በሌላውም የአማራ ገጠር እንደሚታየው፣ የነፍስ አባት የሚያዘው በቤተሰብ ነው፤ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው የአንድ ካህን የንስሐ ልጆች ይሆናሉ። የገጠር ካህን እንደ ጎረቤቶቹ የሚያርስ ሰው በመሆኑ የልጆቹን ኑሮ ከሩቅ አያየውም። የታመመ ሲኖር ይጠይቃል፤ የተጣሉትን ያስታርቃል፤ ለበዓል መጥቶ ጠበል ረጭቶ ቤቱን ይባርካል። ቅዳሴው በግዕዝ ቢሆንም ምክሩ በሚግባቡበት ቋንቋ፣ በአዊ አገር ብዙ ጊዜ በአገውኛ፣ ይሰጣል።

ልጁ ኃጢአቱን ሲናዘዝ አባትየው ቀኖና ይሰጠዋል፦ ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት ወይም ምጽዋት። ቀኖናው እንደ ሰውየው አቅም ይመጠናል፤ ለበሽተኛ ወይም ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው ለጤነኛው ከሚታዘዘው ይቀላል። የሰማውን ምስጢር ማውጣት ለካህኑ የተከለከለ ነው። ልጁ ሲሞት ፍትሐቱን፣ በ40ኛው ቀንም የተዝካሩን ጸሎት የሚመራው ይኸው አባት በመሆኑ አደራው ከመቃብር አልፎ ይሄዳል።

ሦስተኛው የቤተ ክህነት መምህር፣ የኔታ ነው። በቅኔ ስሙ በሚነሣው በጎጃሙ ዋሸራ፣ በሌሎቹም የአብነት ትምህርት ቤቶች፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተማሪ ቀለብ እየለመነ፣ ለመምህሩ እንጨት እየሰበረና ውኃ እየቀዳ ይማራል። መምህሩም ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ጠባዩን ይከታተላል።

በገዳም ይህ ትስስር የዘር ሐረግ ያህል ይቆጠራል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እጅ ሠልጥነው የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የትምህርት ማዕከል አደረጉ። ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በሐይቅ የእሳቸው ደቀ መዝሙር ነበሩ። የገዳማት የትውልድ መዝገቦች ይህን መስመር በአቡነ አረጋዊ በኩል እስከ ግብጻዊው አባ እንጦንስ ይወስዱታል።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ንስሐ በካህን ፊት የሚፈጸም ምስጢር አይደለም። እዚያ የበሰለ አማኝ አዲሱን በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናትና በጸሎት ያሳድገዋል፤ ይህም ደቀ መዝሙር ማድረግ ይባላል። ለሁለቱም ወገን ምሳሌው ሐዋርያው ጳውሎስ ነው፤ ጢሞቴዎስን ልጄ እያለ ጽፎለታል።

በኦርቶዶክሱ ሥርዓት የነፍስ አባትነት ግን ገደብ አለው። የነፍስ አባት የልጁን ንብረት አያዝበትም፤ ልጁም በቂ ምክንያት ካለው፣ አባቱን አሰናብቶ ሌላ ካህን መያዝ ይችላል። ከገጠር ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ወጣቶች ከቀድሞው አባታቸው ሲርቁ አዲስ መያዝ ይኖርባቸዋል። በከተማ አንድ ካህን ብዙ ልጆች ስለሚይዝ ቤት ለቤት መጠየቅ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ግንኙነቱን የማቆየቱ ሸክም በአብዛኛው ወደ ልጁ ያጋድላል፦ በጾም መግቢያ አባቱን ፈልጎ መጠየቅ፣ ሲሳሳትም ሳይውል ሳያድር መናዘዝ የእሱ ፋንታ ይሆናል።