ያለ ምልክት አንዲትን ዲኤንኤ ማየት

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው የአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ጤና ጣቢያ ሲሄድ አክታ እንዲሰጥ ይጠየቃል። ናሙናው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ከተመረመረ፣ መሣሪያው ቲቢ መኖር አለመኖሩን፣ ካለም ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑን በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል።

ይህን የሚያውቀው ከባክቴሪያው ዲኤንኤ ነው። አርፒኦቢ በሚባለው ጂን ላይ 81 ጥንድ የዲኤንኤ ፊደላት ያሉትን ክፍል ይፈትሻል፤ ሪፋምፒሲንን የሚያሸንፈው ለውጥ በብዛት የሚታየው እዚያ ነውና። አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣ፣ ለምሳሌ በሲ ቦታ ቲ ገብታ፣ መድኃኒቱን ከንቱ ልታደርገው ትችላለች።

ችግሩ የዲኤንኤ ማነስ ነው። ውፍረቱ 2 ናኖሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር አምስት መቶ ሺኛ ነው። ስለዚህ መሣሪያው መጀመሪያ ዲኤንኤውን ደጋግሞ ያባዛል፤ ከዚያም ብርሃን የሚሰጥ ምልክት የተያያዘባቸው አጫጭር ቁራጮች ይገጥሙበታል። የሚለካው የምልክቱ ብርሃን ነው።

ሳይባዛና ምልክት ሳይለጠፍበትስ? በ2014 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ኤርላንገን በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የብርሃን ሳይንስ ተቋም ማርቲን ባስከ፣ ማቲው ፎርማንና ፍራንክ ፎልመር ይህ እንደሚቻል አሳዩ። ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የማትበልጥ የመስታወት ድቡልቡል ወሰዱ። ወደ ውስጧ የገባው የሌዘር ብርሃን በጠርዟ ደጋግሞ ይዞራል፤ የሚዞረውም ለድቡልቡሏ በሚስማማ የተወሰነ የሞገድ ርዝመት ነው። በላይዋ በናኖሜትር የሚለኩ የወርቅ ዘንጎች ለጠፉ፤ ብርሃኑ በዘንጎቹ ጫፍ ላይ እጅግ ይበረታል። በዘንጉ ላይ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ተተክሏል። የዚህ ቁራጭ ተጣማሪ መጥቶ ሲገጥም፣ የክራር ክር በጣት ሲነካ ድምፁ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ የሞገዱ ርዝመት በጥቂቱ ይሸሻል። ሲላቀቅ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ቁም ነገሩ በቆይታው ላይ ነው። በትክክል የሚገጥመው ቁራጭ ረዘም ላለ ጊዜ ተጣብቆ ይቆያል፤ በአንዲት ፊደል የሚለየው ግን ቶሎ ይላቀቃል። መድኃኒት የተላመደን ቲቢ ለመለየት የምንሻው ልክ ይህን ነው።

ዘዴው ግን ገና የቤተ ሙከራ ነው። በአክታ ውስጥ ያሉ ሌሎች ሞለኪውሎች ወርቁ ላይ ይለጠፋሉ፤ ጥቂት ዲኤንኤ ብቻ ሲኖር ዳሳሹ ጋ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ የሙቀት መለዋወጥም ልኬቱን ያዛባል። እነዚህን ለመፍታት ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው። በጎረቤት አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው፤ መምህራን ሦስቱን ትምህርቶች አያይዘው ቢያስተምሩ፣ ወደዚያ የሚገባው ተማሪ ተዘጋጅቶ ይገባል።

እስከዚያው ያለን ምርመራ ሕይወት የሚያተርፍ ነው። ሳልዎ ሁለት ሳምንት ከሞላው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።