የማይነበብ ሁሉ የተበላሸ አይደለም

ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ባለፈው ክረምት ኮተቤ ባለው ቤታችን ዕቃውን ስናስተካክል፣ ከመሳቢያው ውስጥ አንዲት ፍላሽ አገኘን። የልጅ ልጄ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ አንዱን ፋይል ቢከፍተው፣ ገጹ ሁሉ የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆነ።

«እማማ፣ ቫይረስ በልቶታል። ላጥፋው?» አለኝ።

«ተው፣ ቆይ!» አልኩት። በነርስነት ዘመኔ የሐኪም ጽሑፍ አልነበብ ሲለኝ ካርዱን አልጥልም፤ የሚያነብልኝ ሰው እፈልግ ነበር።

መጀመሪያ የፋይሉን ስም መጨረሻ አየን። ከነጥቡ በኋላ ያሉት ጥቂት ፊደላት እንደ መድኃኒት ብልቃጥ ጽሑፍ ናቸው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ይናገራሉ። «ጄፒጂ» ፎቶ ነው። «ፒዲኤፍ» እንደታተመ ወረቀት ያለ ሰነድ ነው። «ዶክ» ደግሞ በወርድ የተጻፈ ነው። የእኛ «ዶክ» ነበር፤ ወርድም ከፍቶታል። ታዲያ ምን ጎደለው?

የጎደለው ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉ ቅርጽ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒዩተር አማርኛውን ያሳያል፤ ያልተጫነበት ግን ትርጉም የለሽ ምልክት ይደረድራል።

መገናኛ አጠገብ ወደሚገኝ ጽሕፈት ቤት ወሰድነው። ጸሐፊዋ ገና ስታየው «ይሄማ የድሮ ግዕዝ ነው» አለች። ጽሑፉን በሙሉ መርጣ ፎንቱን ብትቀይረው፣ ገጹ አማርኛ ሆነ። ባለቤቴ ስለ እናቱ የጻፈው ነበር፤ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ፣ በባዶ እግሯ ሾላ ገበያ ወርዳ እየሸጠች እንዴት እንዳሳደገችው። አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ያልቀረላት ሴት ናት። የልጅ ልጄ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ፋይል ካለ፣ አስቀድማችሁ ሌላ ቅጂ አስቀምጡ። ከተነበበ በኋላ በፒዲኤፍ አስቀምጡት፤ ፎንቱ አብሮት ስለሚሄድ ውጭ አገር ያለ ልጅም ይከፍተዋል። ጽሑፉን ብቻ ገልብጣችሁ በቴሌግራም ብትልኩት ግን ተመልሶ ይዘበራረቃል። ዋናውን አታጥፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። «የሠርግ ጥሪ» ወይም «ፎቶ» ተብሎ በስልካችሁ የመጣ ፋይል ስሙ በ«ኤፒኬ» ካለቀ አትክፈቱት። እሱ ፎቶ ሳይሆን ስልካችሁ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፤ የባንክ ሒሳባችሁን ሊያስዘርፍ ይችላል። የላከው የምታውቁት ሰው ቢሆንም፣ ደውላችሁ ጠይቁት።

ለመክፈትም ለመጣልም አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ።