ከሳነቴ ወደ ሐረና በእግር

አዲስ አበባ፣ ሀይሌ ጋርመንት ላይ «ቱሉ ዲምቱ» ሲባል ሰው የሚያስበው ኮንዶሚኒየሙን ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላኛው፣ ባሌ ውስጥ 4,377 ሜትር ላይ ስለቆመው ተራራ ነው። ተራራው ያለበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ፤ በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ከዲንሾ ተነስቶ፣ ዕቃውን በፈረስ አስጭኖ፣ በወብ ሸለቆ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣ፣ ከዚያም ወደ ሐረና ጫካ የሚወርድ ሰው በርካታ ሌሊቶችን ድንኳን ውስጥ ያድራል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መኪና ግን ያንኑ አምባና ያንኑ ጫካ በግማሽ ቀን ያቋርጣቸዋል። ታዲያ በእግር መንከራተቱ ለምን? መኪናው ተራራውንም ጫካውንም ያሳያል፤ ሁለቱ ለምን ጎን ለጎን እንደተገኙ ግን አያሳይም ባይ ነኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዲንሾ ነው። የተራራው ሰሜናዊ ፊት ደረቅ ያለ ነው፤ ጽድና ኮሶ ይበዛበታል፤ በዛፎቹ መካከል የደጋ አጋዘን ቆሞ ይታያል። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ዛፉ ይጠፋና ሜዳው የሣርና የቁጥቋጦ ይሆናል፤ ይህ የፍልፈል አገር ነው። በዓለም ላይ ከባሌ ሌላ የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ ብቅ አድርጎ በአፉ የደረሰበትን ሣር ይነጫል፤ ከዚያ ወደ ኋላው ይገባና ጉድጓዱን ባፈር ይደፍነዋል። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ቢኖርም ለአደን የሚወጣው ለብቻው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ እየተሳበ ይጠጋና ያቺን ብቅ የምትል ጭንቅላት ይጠብቃል። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም ፍልፈሉ እዚህ ነው። በመኪና መስኮት ቀበሮውን ማየት ይቻላል። አደኑን ግን ቁጭ ብሎ የጠበቀ ካልሆነ አያየውም።

ከዚያ ሳነቴ ነው፤ በ4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋ፣ ጅብራ የቆመበት፣ ሌሊት ውርጭ የሚጋግርበት አምባ። በስተደቡብ ዳርቻው ሲደረስ መሬቱ ድንገት ወደ ታች ይሰበራል፤ አየሩም አብሮ ይለወጣል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ይህን ገደል ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉምና ዝናብ ይሆናል፤ ሐረናን ያበቀለው ይኸው ነው። መጀመሪያ ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት ያንጠለጠለው የአስታ ዛፍ ይመጣል፤ ቀጥሎ ኮሶ፣ ቀርከሃና የቀርከሃ ቅጠል የሚበላው የባሌ ጦጣ፣ ወደ ታች ደግሞ ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና። ደረቁን ሰሜን በእግሩ የረገጠ ሰው ይህን ሲያይ ጫካው የተራራው ሥራ መሆኑ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ሌላው ተቃውሞ «በመኪና አይሻልም ወይ?» ከሚለው ይከብዳል። አስጎብኚዎች «ሰው ያልነካው ድንግል ተፈጥሮ» ሲሉ ጎብኚው መንገድ ላይ የሚያገኘው እረኛ፣ ከብትና ጎጆ ነው፤ ታዲያ የቱ ላይ ነው ድንግልናው? እውነት ነው፣ ቃሉ ስህተት ነው። ፊንጫ ሀበራ በሚባለው የድንጋይ መጠለያ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም፣ ሰዎች ከ47,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ከ3,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እሳት አንድደው ያንኑ ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር አሳይቷል። ሰው በባሌ እንግዳ አይደለም። ይህ ማለት ግን የዛሬው ጫና ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ግጦሹና እርሻው ወደ ላይ እየገፋ ነው፤ ከከብቱ ጋር የሚወጣው ውሻ ይዞት የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታም ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ ፈጅቷል፤ ውሾቹን መከተብ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። በእግር የሚሄድ ጎብኚ ይህን አይፈታውም። ሆኖም መኪናው ሳይቆም ሲያልፍ፣ እግረኛው ለፈረስ ባለቤቱ፣ ለመሪውና ለምግብ አብሳዩ ለየቀኑ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ቀበሮው በሕይወት ስላለ የመጣ ነው።

የሚሻለው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ቢወርድም ቀኑ ብሩህ ነው። አዲስ አበቤ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሚኖር ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው ይሻላል፤ ግን አይኩራራ፤ ራስ ምታቱ 4,000 ሜትር ላይ ማንንም አይምርም። ጉዞውን ከዲንሾ የሚጀምር ሰው ቀስ እያለ ከፍታውን ይለምደዋል፤ ከሐረና የሚጀምር ግን ያን ሁሉ ዳገት በጭቃ ውስጥ መውጣት አለበት።