ብዕሩ ሳይደርቅ ሰውየው ሲዝል

ጽሑፍ ጻፊ «ደከመኝ» ሲል ብዙ ሰው ይስቃል። «ምነው፣ ድንጋይ ተሸክመህ ዋልክ እንዴ? ብዕር አይደል የያዝከው!» ይሉታል። እኔ በምኖርበት በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ ይህ ሳቅ ጉልበት አለው። ጎረቤቶቼ ከማለዳ እስከ ማታ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ሲሸምኑ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ አጠገብ ተቀምጬ «አንድ ዓምድ ጽፌ ዛልኩ» ብል ማን ይሰማኛል? ቢሆንም ነገሩ እውነት ነው። በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ አብረውኝ ከጀመሩት ግን ብዙዎቹ ዛሬ አይጽፉም። አንዳንዱ አገር ለቆ ሄደ፤ ሌላው የተሻለ ደመወዝ አገኘ። የቀሩት እዚሁ አሉ። ጤነኞች ናቸው፤ የሚነግሩን ነገርም ነበራቸው። ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ግን እጃቸው አይታዘዝም።

በመጀመሪያ ይህን ከተራ ድካም እንለየው። ድካም አንድ ሌሊት ተኝተው ሲነሱ ይለቃል፤ ዝለት ግን ተኝተው ሲነሱም አብሮ ይነሳል። ቃሉን በሙያ ደረጃ ያስተዋወቀው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ጉዳዩ የጻፈው በኒውዮርክ ነጻ ሕክምና በሚሰጥ ክሊኒክ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞችን አይቶ ነበር። ልብ በሉ፤ የዛሉት ሥራቸውን የጠሉ ሰዎች አልነበሩም፤ አብዝተው የወደዱት ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ነገሩን «በሽታ» ሳይለው፣ መላ ካላገኘ የሥራ ጫና የሚመጣ ሁኔታ ነው ብሎ ሦስት ምልክቶችን አስቀምጧል፦ አቅም ማጣት፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና ሥራውን በክፉ ዓይን ማየት፣ እንዲሁም የሚሠሩት ሁሉ ፋይዳ ቢስ ሆኖ መታየት።

ለእኛ ለጻፊዎች ተንኮለኛው ሁለተኛው ነው። የዛለ ጻፊ «ዛልኩ» አይልም። «አንባቢ የለም» ይላል። አዲስ የወጣ መጽሐፍ ሁሉ ቆሻሻ ነው ይላል፤ ሳያነበው። ቡና ቤት ተቀምጦ የሌላውን ሥራ ሲያጣጥል የሚውለውን ሰው ክፉ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት፤ ምናልባት ሲጽፍ ኖሮ የተቃጠለ ሰው ይሆናል።

አንድ ነገር ግን መቀላቀል የለበትም። በአገራችን ዝም ያለ ደራሲ ሁሉ የዛለ አይደለም፤ ዝም ያሰኙትም አለ። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም ያሳተመው «አልወለድም» ታግዶበታል። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም አሳትሞ በ1976 ዓ.ም የካቲት ወር እንደወጣ አልተመለሰም። ለእነዚህ ሰዎች «ዕረፍት ያስፈልጋቸው ነበር» ማለት ስድብ ነው። እኔ የማወራው ማንም ሳይከለክለው እጁ ስለሚታሰረው ሰው ነው።

አዲሱ ገበያ የሚኖር አንድ የሙያ ጓደኛ አለኝ። «ደርቄያለሁ» ይለኛል፤ ልብ ወለዱን ጀምሮ ከተወው ሦስት ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን ባለፈው ሳምንት የጻፈውን ሁሉ እንዲቆጥርልኝ ጠየቅኩት። ሁለት ዜና ከእንግሊዝኛ ተርጉሟል። ለአንድ ድርጅት ሃያ ገጽ ሪፖርት አርሟል። የሬዲዮ ማስታወቂያ ጽፏል። ለዘመዱ ልጅ የሠርግ ንግግር፣ ለማያውቀው ሰው ደግሞ የመጽሐፍ መግቢያ። «አንተ ደረቅኩ ትላለህ እንጂ እኮ ጎርፍ ሆነሃል!» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ዓይኑ አልሳቀም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የእንጀራ ጽሑፍና የራስ ጽሑፍ የሚቀዱት ከአንድ ጉድጓድ ነው፤ እንጀራው ደግሞ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል። ልብ ወለዱ ቀነ ገደብ የለውም፤ ሪፖርቱ አለው። ልብ ወለዱ ስልክ አይደውልም፤ የሪፖርቱ ባለቤት ይደውላል። ስለዚህ ቀኑ ሲያልቅ ለራሱ የሚተርፈው ሌላው ሁሉ የጠጣው ጭላጭ ነው።

እስቲ ወደ ጎረቤቶቼ ልመለስ። ሸማኔው መወርወሪያውን ይይዛል፤ ፈትሉን ግን የምትፈትለው ሌላ ሴት ናት፣ ወይም ከገበያ ይገዛል። ድር የሚያደራበት ቀን ራሱን የቻለ ነው፤ የሚሸምንበት ሌላ ነው። ሲያልቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነጋዴ ወስዶ መደብር ይሰቅለዋል። ነጋዴው ዋጋ ይጫነዋል፤ ለእንቁጣጣሽና ለጥምቀት ሲደርስ ሸማኔው ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል፤ ኑሮው የሚያስቀና ነው አላልኩም። ግን ማግ ሲያልቅበት «ደርቄያለሁ» ብሎ ራሱን አይረግምም። ተነስቶ ማግ ሊገዛ ይወጣል። የደራሲ ማግ ማንበብ፣ ሰው መስማት፣ መንገድ መሄድ ነው። ያንን ጊዜ «ሥራ ፈትቼ ዋልኩ» ብለን ስለምንቆጥረው ግን መጀመሪያ የምንቆርጠው እርሱን ነው፤ ከዚያ ባዶ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ እንወረውራለን።

በዚያ ላይ የእኛ አገር ደራሲ ፈታይም፣ ሸማኔም፣ ነጋዴም ራሱ ነው። መጽሐፉን ጽፎ ሲጨርስ ሥራው ይጀምራል፦ ብር መበደር፣ ማተሚያ ቤት መመላለስ፣ የወረቀት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ገጽ መቁረጥ፣ ምርቃት ማዘጋጀት፣ ከዚያ በየመደብሩና በየአዟሪው እየዞሩ ሒሳብ መሰብሰብ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሥራውን የደራሲው ንብረት ያደርገዋል፤ በቴሌግራም የሚዞረውን ቅጂ እየተከታተለ የሚያስቆመው ግን ያው ደራሲው ነው። አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ሁለተኛውን መጻፍ ያቃተው ሰው ሲገጥመኝ እንግዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ማን አከፋፈለልህ?» የሚል ነው። «ራሴ» ካለኝ ሕመሙ ይገባኛል። ከድካሙ ገሚሱ የጽሑፍ አይደለም፤ የንግድ ነው። ትርፉ ቢቀንስም ማከፋፈሉን ለሌላ መስጠት፣ በእኔ አስተያየት፣ ለሚቀጥለው መጽሐፍ የሚከፈል ዋጋ ነው።

ሥራ ይዘው በልክ የጻፉ ሰዎች አሉ። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ እስከ 1867 እ.ኤ.አ. ድረስ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11፡30 ተነስቶ እስከ ጠዋቱ 2፡30 ይጽፋል፤ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ከራሱ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይነሳል። ቡና ይዞ እንዲቀሰቅሰው ለአሽከሩ በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለት ነበር (ለእኛ ቤት ቢሆን ቡናው ሦስት ዙር ስለሚጠጣ ሰዓቱ ያልፋል!)። በዚህ አካሄድ 47 ልብ ወለዶች ጽፏል። የእኛው በዓሉ ግርማም ጋዜጣና መጽሔት እያዘጋጀ፣ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ሆኖ፣ ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም ስድስት ልብ ወለዶች አሳትሟል። ሐዲስ አለማየሁ ደግሞ የሌላ ዓይነት ናቸው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም ከወጣ በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ» እስኪመጣ 16 ዓመት ገደማ ጠብቀዋል። ያን ሁሉ ዘመን «ደርቀዋል» ያለ ይኖር ይሆናል፤ እርሳቸው ግን ሰባዎቹን ተሻግረውም ጽፈዋል። ከሁለቱ ፍጥነቶች የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር ከንቱ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው የሐዲስ ዓይነት ሰው በበዓሉ ፍጥነት ልሂድ ሲል ነው።

ከተማችን ውስጥ ሌላም መንገድ አለ፤ ጫት። ሌሊቱን በምርቃና አሥር ገጽ የሚጽፍ ሰው አውቃለሁ። ጫት እንቅልፍ ያባርራል እንጂ እንቅልፍን አይተካም፤ በነጋታው በሐራራ የሚከፈለው ዕዳ ከአሥሩ ገጽ ይበልጣል። ከዚያ የሚሻለው የሄሚንግዌይ ዘዴ ነው፦ ቀጥሎ የሚመጣውን እያወቁ ማቆም። ጉድጓዱን እስከ ጭቃው አለመቅዳት ማለት ነው። እኔ ሳቆም ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ገሚሱን ጽፌ እተወዋለሁ፤ ከዚያ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ዳገት እስከቻልኩት እሄዳለሁ። ዳገቱ ስለሚያስተነፍስ ስለ ጽሑፍ ማሰብ አይቻልም፤ የሚፈለገውም እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካልጣመ፣ ከሰው መሸሽ ከመጣና ሳምንታት ካለፉ ግን ነገሩ የጽሑፍ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ ሐኪም ያስፈልጋል። «ደራሲ ትንሽ ያብዳል» የሚለው ቀልድ ስንቱን እንዳዘገየ እግዜር ይወቀው።

ለአዲሱ ገበያው ጓደኛዬ የነገርኩት ከዚህ ያነሰ ነው። ከእንጀራ ጽሑፎቹ አንዱን፣ ክፍያው አነስተኛ የሆነውን፣ እንዲተው፤ ነጻ የሚጽፋቸውን መግቢያዎችና የሠርግ ንግግሮች ደግሞ ጭራሽ። በተረፈው ጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አድርጎ። የሠርጉን ነገር ሲሰማ «ዘመዶቼ ይቀየሙኛል» አለ። ተቀይመዋል፤ አንዷ አክስቱ እስካሁን አታነጋግረውም። ልብ ወለዱ ግን ባለፈው ወር አርባኛ ገጹ ላይ ደርሷል።